የጋብቻ ጋሻ ሲያነቡ የሚሠሩ ስህተቶች

ዋሺንግተን ዲሲ የሚኖር የእኛ ሰው የከተማዋን ባንዲራ በየቀኑ ያየዋል። ነጭ መደብ፣ ሁለት ቀይ አግድም መስመር፣ ከላይ ሦስት ቀይ ኮከብ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1938 የወሰደችው ከጆርጅ ዋሺንግተን ቅድመ አያቶች ጋሻ፣ ማለትም የቤተሰቡ መለያ ምልክት ከተሳለበት አርማ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ የሱፍ ነጋዴው ሎረንስ ዋሺንግተን፣ እ.ኤ.አ. በ1539 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኖርዝሃምፕተንሻየር፣ ሰልግሬቭ በሚባል መንደር ርስት ገዛ። ቤተሰቡ ማን ማንን እንዳገባ በባለ ቀለም የመስኮት መስታወትና በመቃብር ድንጋይ ላይ በጋሻ ተመዝግቧል። የሚያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ በትክክል የሚያነባቸው ግን ጥቂት።

በጣም የሚያናድደኝ የቀኝና የግራ ነገር ነው። ጋሻ የሚነበበው ከኋላ ሆኖ በያዘው ሰው በኩል ነው። ቀኙ ለተመልካቹ ግራ ነው ማለት ነው። ጋሻው ለባልና ሚስት ለሁለት ሲከፈል የባልየው በእርስዎ ግራ፣ የሚስትየዋ በእርስዎ ቀኝ ይሆናል። የነጋዴው የልጅ ልጅ፣ ሌላው ሎረንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1616 ሞቶ ግሬት ብሪንግተን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ድንጋዩ ላይ የዋሺንግተን መስመርና ኮከብ ከሚስቱ ከማርጋሬት በትለር ቤተሰብ ምልክት ጋር ጎን ለጎን ተቀርጿል። ጽሑፉም 8 ወንድና 9 ሴት መውለዳቸውን ስለሚናገር እዚህ የሚሳሳት የለም። ጽሑፍ የሌለው ጋሻ ሲመጣ ነው ጉዱ። ባል ሚስት ይሆናል፤ የአማት ርስት የአባት ርስት ይሆናል። መስታወት ደግሞ ይብሳል። አንድ ወዳጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆሞ፣ «ብርሃኑ ጥሩ ነበር» ብሎ ያነሳውን ፎቶ ላከልኝ። ከፎቶው ተነስቶ ሙሉ የዘር ሐረግ ሠርቶ ነበር! ከውጭ ሲታይ ሁሉም ተገልብጧል እኮ። ጠጋኙም አንዳንዴ መስታወቱን ገልብጦ ይገጥመዋል። አንበሳ ካለበት ፊቱን ይመልከቱ፤ ደንቡ ወደ እርስዎ ግራ እንዲያይ ነው። ወደ ቀኝ ካየ ይጠራጠሩ።

ለአራት የተከፈለውን ጋሻ እንደ ጋብቻ መቁጠርም የተለመደ ነው። እሱ ውርስ ነው። ወንድም የሌላት ሴት የአባቷን ጋሻ ለልጆቿ ታወርሳለች። የሁለተኛው ሎረንስ እናት ኤልሳቤጥ ላይት እንዲህ ዓይነት ወራሽ ነበረች። ወራሽ ያገባ ባል የእሷን ምልክት በትንሽ ጋሻ አድርጎ በራሱ ጋሻ መሀል ማስቀመጥ ይችላል፤ ልጆቹ ናቸው ለአራት የሚከፍሉት። ያቺን ትንሽ ጋሻ ጌጥ መስላው ያለፈ ሰው ርስቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ይቀራል። አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ልክ አያውቅም። እንግሊዝ ውስጥ ስቶው የሚባለው ርስት ጌቶች 719 ክፍል ያለው ጋሻ አሠርተዋል። 719 ጋብቻ አይደለም፤ አንዷ ወራሽ ብቻዋን ብዙ ክፍል ይዛ ትመጣለች።

ለሁለት የተከፈለ ሁሉም ጋብቻ አይደለም። ጳጳስ የሀገረ ስብከቱን ጋሻ ከራሱ ጋር ያጣምራል። «የጳጳሱ ሚስት ማን ናት?» ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ።

ጋሻው የተገኘበት ቦታ የባለቤቱ ቤት ነው ብለው አይደምድሙ። የሰልግሬቭ ዋሺንግተኖች የጋብቻ መስታወት ዛሬ የሚገኘው ፎዝሊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፎዝሊ ደግሞ የናይትሊ ቤተሰብ ርስት ነበር።

ቀለሙንም አይመኑ። የብር ቅብ ሲያረጅ ይጠቁራል።

የሟች ጋሻ የተሳለበት ሰሌዳ ካዩ ከጋሻው ጀርባ ያለውን መደብ ይመልከቱ። በባል በኩል ጥቁር፣ በሚስት በኩል ነጭ ከሆነ የሞተው እሱ ነው።

በመጨረሻ የስጦታ ሱቁ ነገር። ጋሻ የአንድ ሰውና የወራሾቹ እንጂ ስሙን የሚጋራ ሁሉ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ይህን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ. በ1484 የተመሠረተው የአርማ ኮሌጅ ነው። ኩባያ ላይ የታተመ «የቤተሰብዎ አርማ» ገዝቶ ማስረጃ ይሁነኝ ብሎ የሚመጣውን ሰው ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ።