በሕንፃ ላይ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን መትከል፦ ከልኬት እስከ ጥገና

በሕንፃው ጣሪያ ላይ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን ለመትከል ያሰበ ባለቤት በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው። ተርባይኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ልኬቱ የማያበረታታ ከሆነም ገንዘቡ ከኪስ አይወጣም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ባለ ጥቂት ፎቅ ሕንፃ ላላቸው ወይም ለመገንባት ላሰቡ ሰዎች፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚሠሩ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ነው።

ነፋሱን መለካት

ልኬት የሚቀድመው የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ለምሳሌ ክንፎቹ 2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ የሚሠሩ ተርባይን እንውሰድ፤ ክንፎቹ የሚጠርጉት ስፋት 3.14 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ አየር ውስጥ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ሳያቋርጥ ቢነፍስ በክንፎቹ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል 40 ዋት ገደማ ነው፤ ጥሩ አነስተኛ ተርባይን ሩቡን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጠው የሚገኘው 10 ዋት፣ ማለትም አንድ ኤልኢዲ አምፖል የሚያበራ ያህል ብቻ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ቢሆን ግን ያው ተርባይን 80 ዋት ገደማ ይሰጣል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ አነስተኛ ተርባይኖች ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ማመንጨት አይጀምሩም። «ሰፈሩ ነፋሻ ነው» በሚል ግምት ብቻ ገንዘብ ማውጣት የማይመከረው ለዚህ ነው።

ለመነሻ ያህል በዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲና በዓለም ባንክ ትብብር የተዘጋጀውን ዓለም አቀፍ የነፋስ አትላስ በኢንተርኔት በነፃ መመልከት ይቻላል። አትላሱ የአካባቢውን አማካይ የነፋስ ፍጥነት በተለያየ ከፍታ ያሳያል፤ ነገር ግን በአጠገብዎ ያለውን የጎረቤት ፎቅ አያውቅም። የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች ከተማዋ ነፋስ እንዳላት ቢመሰክሩም፣ እነዚያ ተርባይኖች ገላጣ ኮረብታ ላይ፣ ከ60 ሜትር በሚበልጡ ማማዎች ራስ ላይ የተተከሉ ስለሆኑ በከተማው መካከል ላለ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም።

ስለሆነም መለኪያውን ተርባይኑ ሊቆምበት በታሰበው ቦታና ከፍታ ላይ ይስቀሉ፤ በየ10 ደቂቃው አማካይ ፍጥነትና አቅጣጫ እንዲመዘግብም ያድርጉ። ሙሉ ዓመት ቢለካ ይመረጣል፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ልኬቱ ቢያንስ የበጋውንም የክረምቱንም ወራት ይንካ። የበጋ ነፋስ ብቻ ተለክቶ የተወሰነ ውሳኔ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሊያሳፍር ይችላል።

ከፍጥነቱ እኩል የሚያሳስበው የነፋሱ መዋከብ ነው። ነፋስ ከሕንፃ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ወራጅ ውኃ ድንጋይ ሲገጥመው እንደሚያደርገው ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈላል፤ የጣሪያውን ጠርዝ ሲያልፍም ከሶሌታው (ከጠፍጣፋው የኮንክሪት ጣሪያ) በላይ የሚሽከረከር፣ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚቀያይር አየር ትቶ ያልፋል። በዚህ ክልል ውስጥ የገባ ተርባይን ብዙ ይዞራል፣ ጥቂት ያመነጫል፣ ቶሎም ያረጃል። ክልሉ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ርካሽ ዘዴ አለ፤ በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ በየሜትሩ ቀላል የጨርቅ ሪባን አስረው ነፋስ ባለበት ቀን ጣሪያው ላይ ያቁሙት። የታችኞቹ ሪባኖች ሲወናጨፉ የላይኞቹ ቀጥ ብለው ከተዘረጉ፣ የተርባይኑ ክንፍ ዝቅተኛ ጫፍ ከተረጋጋው ሪባን በላይ መሆን አለበት። በሙያው የተለመደው መርሕ ደግሞ የክንፉ ዝቅተኛ ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ዛፍ፣ ፎቅ ወይም የውኃ ሮቶ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። ይህን ከፍታ የሚሸከም ጣሪያ ጥቂት ነው፤ በቂ ግቢ ያለው ሰው ምሰሶውን ከሕንፃው ነጥሎ መሬት ላይ ቢተክል ብዙ ችግር ያቃልላል።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በእንግሊዝ አገር በ2000ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተካሄደውን የዋርዊክ የነፋስ ሙከራ ያስታውስ። በቤቶችና በሕንፃዎች ላይ የተተከሉ 26 አነስተኛ ተርባይኖች ተዘግተው የቆዩበት ጊዜም ተቆጥሮ ሲለኩ፣ በአማካይ ያመነጩት ኃይል ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ ሊሰጡ ከሚችሉት ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። የተሻለ ውጤት ያሳዩት ረጃጅም የመኖሪያ ፎቆች ላይ የቆሙት ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ነዋሪዎች በድምፃቸው ስላማረሩ ለረጅም ጊዜ እንዲቆሙ ተደርገዋል።

በእኔ አስተያየት በታሰበው ከፍታ ላይ የዓመቱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ካልደረሰ ገንዘቡን በሶላር ፓኔል ላይ ማዋል ይሻላል። አንድ ባለ 400 ዋት ፓኔል ፀሐያማ በሆነ ቀን አዲስ አበባ ላይ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሰጥ፣ ከላይ በምሳሌነት ያነሣነው ባለ 10 ዋት ውጤት በሙሉ ቀን 0.24 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ፓኔል ደግሞ አይንቀጠቀጥም፣ ድምፅም የለውም።

የሻጩን ወረቀት መመርመር

ልኬቱ ካበረታታ ቀጣዩ ሥራ የተርባይኑን መግለጫ በጥርጣሬ ማንበብ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳረጋገጠው ማንኛውም ተርባይን ከሚያልፍበት ነፋስ ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 59.3 በመቶውን ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነና «1000 ዋት» የተጻፈበት ተርባይን ቢቀርብልዎት እንዲህ ያስሉ፤ በሰከንድ 12 ሜትር በሚነፍስ ብርቱ ነፋስ፣ ያውም በባሕር ዳርቻ አየር፣ በዚያ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ሁሉ 830 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ በቤትዝ ሕግ መሠረት ሊወሰድ የሚችለው ከ500 ዋት ያንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በዚያ ነፋስ ሊሆን አይችልም። ሻጩን የሚጠይቁት «ስንት ዋት ነው?» ብለው ብቻ ሳይሆን «በሰከንድ 4፣ 5 እና 6 ሜትር ስንት ይሰጣል?» ብለውም መሆን አለበት፤ የክንፎቹን ዲያሜትርም ይጠይቁ። አይኢሲ 61400-2 የተባለው የአነስተኛ ተርባይኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ መሟላቱን የሚያሳይ የገለልተኛ ቤተ ሙከራ ማስረጃ ቢኖር መልካም ነው።

ዘንጋቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ተርባይኖች ለከተማ የተሠሩ ናቸው ተብለው ይሸጣሉ። ነፋስ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ፊታቸውን ወደ እርሱ ማዞር አያስፈልጋቸውም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁንና ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል የሚመስለው የሳቮኒየስ ዓይነቱ በቀላሉ ቢነሣም የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ሲሆን፣ ቀጫጭን ክንፎች በዘንጉ ዙሪያ ያሉት የዳርዩስ ዓይነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ለመነሣት ይቸገራል። የተዋከበ ነፋስ ሁለቱንም ያደክማል።

ሕንፃውን ማዘጋጀት

ያ 2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ተርባይን በሰከንድ 40 ሜትር በሚነፍስ ማዕበል ውስጥ ቢገባ፣ በአዲስ አበባ የሳሳ አየር ውስጥ እንኳ ከ200 ኪሎ ግራም ክብደት የሚበልጥ ኃይል ወደ ጎን ሊገፋው ይችላል። ይህ ግፊት በ6 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ ሲያርፍ በምሰሶው እግር ላይ የሚፈጥረው የማጠፍ ኃይል ቀላል አይደለም። በመሆኑም ምሰሶው ከኮለን (ከሕንፃው ቋሚ ዓምድ) ራስ ወይም ከቢም (ከአግዳሚ ተሸካሚው) ጋር፣ በመዋቅር መሐንዲስ ስሌት በተወሰነ ብሎን መታሰር አለበት። ብሎኬት ግድግዳ፣ ፓራፔት (በጣሪያው ጠርዝ ያለው አጭር ግድግዳ) እና በእንጨት የተወጠረ ቆርቆሮ ጣሪያ ለዚህ ፈጽሞ አይሆኑም። ብሎን ለማስገባት ሶሌታ ሲበሳ የውኃ መከላከያው ይቀደዳልና በዚያው ቀን ይጠገን፤ የብዙ ጣሪያ ማፍሰስ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ቀዳዳ ነው።

ንዝረት ሌላው ጉዳይ ነው። በምሰሶውና በሕንፃው መካከል ለዚሁ የተሠራ የጎማ ማረፊያ ይግባ፤ ቢቻልም ተርባይኑ ከመኝታ ክፍል በላይ ሳይሆን ከደረጃ ቤት በላይ ይቁም። የኮንክሪት ሕንፃ ንዝረትን ከላይ እስከ ታች ያስተላልፋል። ምሰሶው ከአካባቢው ከፍ ስለሚል መብረቅ የመሳብ ዕድሉም ከፍ ይላል፤ የራሱ የመብረቅ መከላከያና ከሕንፃው የመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ወፍራም መዳብ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን የአካባቢውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ማማከር ግዴታ ነው፤ ሕንፃው ለአውሮፕላን ማረፊያ የቀረበ ከሆነ ስለ ከፍታ ገደቡ ተለይቶ ይጠየቅ።

ኤሌክትሪኩን ማገናኘት

አብዛኞቹ አነስተኛ ተርባይኖች የሚያመነጩት ቮልቴጁ ከነፋሱ ጋር የሚለዋወጥ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ባትሪ ከመድረሱ በፊት ለነፋስ ተርባይን በተሠራ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ማለፍ አለበት። የሶላር መቆጣጠሪያ አይተካውም። ሶላር ፓኔል ባትሪው ሲሞላ መስመሩ ቢቋረጥበት ችግር የለውም፤ ተርባይን ግን ጭነት ሲነሣበት ፍጥነቱ ከልክ እያለፈ ሄዶ ክንፉን እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ ሽቦ የሚያፈስ መሣሪያና በእጅ የሚሠራ ማቆሚያ የግድ ናቸው። ከመንግሥት መስመር ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ባለቤት አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ኢንቨርተሩም (ኤሌክትሪኩን ከመስመሩ ጋር እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ ወዲያውኑ ራሱን ከመስመሩ የሚነጥል ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ መስመር ሊጠግን የመብራት ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ገና በንድፍ ላይ ላለ ሕንፃ

ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ከሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በባሕሬን ዋና ከተማ በማናማ የተጠናቀቀው የባሕሬን የዓለም ንግድ ማዕከል እያንዳንዳቸው 240 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሁለት ማማዎች መካከል፣ በድልድዮች ላይ የቆሙ ሦስት ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን ባለ 29 ሜትር ዲያሜትርና ባለ 225 ኪሎዋት ሲሆን፣ ሲታቀድ ከሕንፃው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከ11 እስከ 15 በመቶውን እንዲሸፍኑ ታስቦ ነበር። የማማዎቹ የሸራ ቅርጽ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ወደ መካከል እየሰበሰበ ያፋጥነዋል፤ ተርባይኖቹም ወደ ነፋሱ ሳይዞሩ እንዲሠሩ ያስቻለው ይኸው ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የሚገኘው የፐርል ሪቨር ማማ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ባሉ ክፍተቶች አራት ቋሚ ዘንግ ያላቸው ተርባይኖች ያስገባ ሲሆን፣ ክፍተቶቹ በሕንፃው ላይ የሚያርፈውን የነፋስ ግፊትም ይቀንሳሉ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በለንደን የተጠናቀቀው የስትራታ ሕንፃ በአንጻሩ በአናቱ ላይ ባለ 19 ኪሎዋት ሦስት ተርባይኖች ቢኖሩትም፣ ሲዞሩ ከሚታዩበት ይልቅ ቆመው የሚታዩበት ጊዜ እንደሚበዛ በጋዜጦች ተደጋግሞ ተጽፏል። ስለዚህ አርክቴክቱ የነፋሱን ዋና አቅጣጫ በልኬት ሳያውቅ ቅርጽ እንዳያወጣ፣ ቅርጹም በነፋስ መሿለኪያ (የሕንፃው ሞዴል በሰው ሠራሽ ነፋስ በሚፈተንበት ቤተ ሙከራ) ወይም በኮምፒዩተር ሳይፈተሽ እንዳይጸድቅ ያድርጉ።

ከተከላ በኋላ

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ብሎኖቹ በሙሉ በተወሰነላቸው ኃይል እንደገና ይጥበቁ፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ክንፎቹ ስንጥቅ እንዳላቸው፣ ኩሽኔታዎቹም ድምፅ እንደሚያሰሙ ይመርመር። ሥራው የሚሠራው ማቆሚያው ተይዞና ክንፎቹ ታስረው ነው። ለተርባይኑ ብቻ የራሱ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ይግባለትና በየወሩ ንባቡ ከነፋስ መለኪያው መዝገብ ጎን ይጻፍ፤ ነፋሱ ሳይቀንስ ንባቡ መቀነስ ከጀመረ ክንፎቹን፣ ኩሽኔታዎቹንና የሽቦ መገናኛዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያስፈትሹ።