ድምፅ አልባ ፊልም በማሲንቆ ለማሳየት

ደሴ፣ እኛ ሳሎን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳየው አንዲት ጎረቤታችን አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡና «ልጄ፣ ድምፁን ክፈተው እንጂ» አሉ። ድምፅ የለውም እማማ፣ ስላቸው «ታዲያ የተበላሸ ነው እንዴ የምታሳየን?» እውነታቸውን ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ያለ ሙዚቃ እንዲታይ አልነበረም የሚሠራው፤ በዘመኑ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የሚጫወት ሰው ነበር። እኛ ደግሞ ወሎ ነን፣ ማሲንቆ አለን።

ፊልሙ ፈረንሳይ የተሠራው «የዣን ዳርክ ሕማማት» ነው፣ 1928 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)፣ ዳይሬክተሩ ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየር። በፈረንሳይኛው ርዕስ ላይ «ፓሲዮን» የሚለውን አይታችሁ የፍቅር ፊልም ነው ብላችሁ ሰው እንዳትጠሩ። ሕማማት ነው፤ ዣን የምትባል አንዲት የገጠር ልጅ በ1431 ሩዋን ከተማ ላይ ተከሳ እስክትቃጠል ድረስ ያለው ታሪክ።

ስታወርዱ ቅጂውን ምረጡ። ዋናው ኔጋቲቭ በርሊን ውስጥ በእሳት ወድሟል፤ ለብዙ ዓመት የሚታየው የተቆራረጠ ነገር ነበር። በ1981 ግን ኦስሎ አጠገብ ካለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁምሳጥን ሙሉው ተገኘ። ከሱ የተዘጋጀውን ፈልጉ። ሁለት ፍጥነት ካገኛችሁ ዝግተኛውን፣ በሰከንድ 20 ፍሬም የሚሄደውን ውሰዱ፤ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። የፈጣኑ ላይ ፊቶቹን ሳትጠግቧቸው ያልፋሉ፣ ፊልሙ ደግሞ ፊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ተዋናዮቹ ሜካፕ የላቸውም፣ የዳኞቹ ኪንታሮት ሳይቀር ይታያል።

ቡናውን ፊልሙ ሳይጀምር ቁሉት። እኔ መሃል ላይ አስቆልቼ ጭሱና ዕጣኑ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ገባና፣ ምስኪኗ ዣን ገና ሳትፈረድባት በጭስ ተሸፈነች። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሩ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፣ በላፕቶፑ ተሰብስባችሁ ትጨርሳላችሁ።

በፊልሙ መሃል በንግግር ፈንታ የሚወጡትን ጽሑፎች የሚያነብ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ቀድማችሁ በአማርኛ ወረቀት ላይ አስፍሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ዳኞቹ «አንቺ» ይበሏት፣ እሷ ግን «እርስዎ» ትበላቸው። ቅዱስ ሚካኤል ሲገለጥልሽ ራቁቱን ነበር ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ «እግዜር የሚያለብሰው ያጣ መሰለዎት?» ትላለች። በአክብሮት ስትናገረው ነው ነገሩ የሚያቆስለው። እኛ ቤት ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ወደ ማሲንቆው ስንመጣ፣ መቺው ፊልሙን ቢያንስ አንዴ ቀድሞ ይየው። ችሎቱ ላይ አንቺ ሆዬ ይምታ፣ ቅኝቱ ራሱ ዕረፍት አይሰጥም። እስር ቤት ትዝታ። ወደ መጨረሻው ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብና የአክሮባት ተጫዋቾቹ ሲመጡ ባቲ ደስ ይላል፤ እሳቱ ላይ አምባሰል፣ እያዘገመ። እና እባካችሁ እንዳይዘፍን አስምሉት። የኛው አላስቻለውም፣ ችሎቱን የሚመራው ጳጳስ ኮሾን ሲጮህባት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ጀመረለት።

ፀጉሯ ሲቆረጥ ደጋኑን ያንሳ። ጭራሽ ዝም። ተዋናይቷ ፋልኮኔቲ የተላጨችው የምር ነው፣ እንባዋ ሲወርድ በክፍሉ ውስጥ የስኒ ድምፅ እንኳ መሰማት የለበትም።

በረካው ከፊልሙ በኋላ ይቅረብ። ያኔ ጥያቄ ይመጣልና መልስ ያዙ፦ ፍርዱ በ1456 ተሽሯል፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ቅድስት ብላታለች። እማማን ይህ አላረካቸውም። የሚፈልጉት የጳጳሱን መጨረሻ ነበር፤ ኮሾን ግን ፍርዱ ሲሻር አልነበረም፣ በ1442 ሞቷል። «በአልጋው?» አሉኝ።