ማዳበሪያ ስትበጠብጡ የውሃውን አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች ሜትር የሚያሳስታችሁ የት ላይ ነው? (የውሃ ሙቀት ጉዳይ)

ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ የሰራ ሰው የህዳርን ጠዋት ያውቀዋል፣ ታንኩ ውስጥ እጅህን ስትከት ያደነዝዝሃል፣ ውሃው 12 ዲግሪ ቢሆን ነው። አዲስ የገባ ልጅ ሜትሩን ከቢሮ ይዞ ይመጣና ነከር አድርጎ 10 ሰከንድ ሳይሞላ 6.4 ሲያይ "ኧረ ከፍ ብሏል" ብሎ ናይትሪክ አሲድ ይጨምራል። ስንቴ እንዳየሁት! ቁጥሩ እኮ ገና እየወረደ ነው። ፕሮቡ (ውሃ ውስጥ የሚነከረው የሜትሩ ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለችው መስታወት ብርድ ውስጥ ስትገባ ትዘገያለች፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቀስ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ብትጠብቁ ያው ውሃ 5.8 ላይ ይቆማል፣ አሲዱ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ቆመ ስል ደግሞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃነቅ ነው እንጂ ለሁለት ሰከንድ አይደለም። እኔም መጀመሪያ አመቴ ላይ 5000 ሊትር እንዲህ አበላሽቻለሁ፣ ጨመርኩ አየሁ፣ ደግሜ ጨመርኩ፣ በመጨረሻ ሲረጋ 4.3። ሱፐርቫይዘሬ አልተቆጣኝም፣ ዝም ብሎ ቫልቩን ከፈተው። ያ ሁሉ ማዳበሪያ ሲፈስ ቆሜ ያየሁት እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

"ሜትሩ ኤቲሲ (ሙቀትን በራሱ የሚያስተካክል) አለው" የምትሉ ደግሞ ስሙኝ። ኤቲሲ የሚያስተካክለው የፕሮቡን ሚሊቮልት (ወደ ሜትሩ የሚልከውን የኤሌክትሪክ ምልክት) ብቻ ነው፣ 25 ዲግሪ ላይ ለአንድ ፒኤች 59.16 የሆነው 10 ዲግሪ ላይ 56.2 ገደማ ስለሚሆን። የፕሮቡን መዘግየት አያድንም፣ በውሃው ውስጥ ራሱ የሚቀየረውንም ነገር አይነካውም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ 5.5 አካባቢ ስትለኩ ኤቲሲ ባይኖር እንኳን ከ25 ዲግሪ በ15 ዲግሪ ለቀዘቀዘ ውሃ ስህተቱ 0.1 አይሞላም። ስለዚህ ሜትራችሁ ቁጥሩ ከረጋ በኋላም በ0.5 ከሳተ ብርዱን አትውቀሱት፣ ፕሮቡን እዩት፣ ወይ ቆሽሿል ወይ ደርቋል ወይ አርጅቷል።

በፈር (ፒኤቹ የታወቀ፣ ሜትሩን ካሊብሬት የምናደርግበት ማለትም የምናስተካክልበት ፈሳሽ) ላይ የተጻፈው 7.00 ለ25 ዲግሪ ነው። 10 ዲግሪ ላይ 7.06 ነው፣ የ10ኛው በፈር ደግሞ 10.18 ይደርሳል፣ የ4ቱ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ጠርሙሱ ላይ ሰንጠረዥ አለ፣ በእጅ የሚስተካከል ሜትር ያላችሁ እሱን እያያችሁ ካሊብሬት አድርጉ። እኔ ጠዋት እንደገባሁ በፈሮቹን ከነጠርሙሳቸው በታንኩ ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ፕሮቡንም ከነመጠበቂያው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ ሁሉም አንድ ሙቀት ላይ ናቸው። ካሊብሬት የማደርገውም በ7 እና በ4 ነው፣ ፊዳችን (ለተክሉ የምንሰጠው የማዳበሪያ ውሃ) አሲዳማ ሆኖ ሳለ 10ኛው ምን ያደርግልናል?

ፕሮብ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አይቀመጥም፣ ስቶሬጅ ሶሉሽን (የፕሮብ ማስቀመጫ ፈሳሽ) ከሌለ 3 ሞላር ፖታሽየም ክሎራይድ።

ኢሲን (ውሃው ውስጥ ምን ያህል ማዳበሪያ እንዳለ በኤሌክትሪክ ማስተላለፉ የሚያሳየውን ልኬት) ግን በጣም ተጠንቀቁ፣ ሙቀት በደንብ የሚጎዳው እሱን ነው። በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል፣ ኮምፐንሴሽኑ (የሙቀት ማስተካከያው) የተዘጋ ወይም የተበላሸ ሜትር 12 ዲግሪ ውሃ ላይ 2.0 የሆነውን 1.5 ብሎ ያሳያችኋል፣ እናንተም "አነሰ" ብላችሁ ማዳበሪያ ስትጨምሩ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

የመጨረሻው የጉድጓድ ውሃ ለምትጠቀሙ፣ በተለይ ዝዋይና ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ባይካርቦኔቱ (ውሃው ውስጥ የሟሟ፣ አሲድን የሚያከሽፍ ነገር) ከባድ ለሆነባችሁ ነው። አሲድ ስትጨምሩ ባይካርቦኔቱ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ጋዙን አፍኖ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ጠዋት 5.6 ያያችሁት ፀሀይ ታንኩን አሙቃ ጋዙ ሲወጣ 6.2 ሊሆን ይችላል። ሜትሩ አልዋሸም፣ ውሃው ነው የተቀየረው። ፓምፑን ከፍታችሁ ውሃውን አንድ ሰዓት ያህል አዙሩት፣ ከዛ ለኩ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ከድሪፐሩ (ውሃውን ለተክሉ ጠብ ጠብ ከሚያደርገው) ጫፍ በጆግ ተቀብላችሁ እንደገና ለኩ፣ ሥሩ ጋ የሚደርሰው እሱ ነው።