የድሮ የአየር ኃይል ሰው ስታወሩ የሚሠሩ ስህተቶች

በተለይ ቢሾፍቱ አካባቢ የድሮ አየር ኃይል የሌለበት ዘመድ ማግኘት ይከብዳል። አባት ካልሆነ አጎት፣ ካልሆነም የጎረቤት ጋሼ። ታሪካቸውን ልቅረጽ ብሎ ስልኩን የሚያወጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ወሬው ቶሎ ይደርቅበታል።

አንደኛው ጥፋት «ስንት አውሮፕላን ጣሉ?» ብሎ መጀመር ነው። አየር ኃይል በራሪ ብቻ ይመስለናል። አንድ ጄት እንዲነሳ ሞተር የሚፈታ፣ ቦምብ የሚያስር፣ ራዳር ላይ የሚያፈጥ፣ ፓራሹት የሚያጥፍ ሰው ያስፈልጋል። መካኒክ የነበሩ አባት ይህን ሲጠየቁ ምን ይበሉ? «ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ምን ይሠሩ ነበር?» በሏቸው። በኦጋዴን ጦርነት በ1969 እና በ1970 ከነበሩ ደግሞ የአሜሪካኑን ኤፍ 5 ሲጠግኑ ኖረው የሶቪየቱን ሚግ ተማሩ የተባሉ ትውልድ ናቸው። መመሪያው ሩሲያኛ ሲሆን እንዴት እንደተወጡት ጠይቁ። ወጉ ከአየር ላይ ውጊያው አያንስም።

መልስ ሲዘገይ «ማውራት አልፈለጉም» ብሎ መተውም አለ። ከጄት ጋር የኖረ ጆሮ ይደክማል። ቴሌቪዥኑን አጥፉና ደህና በሚሰማው ጆሮ በኩል ጠጋ በሉ።

ስለ ምርኮ መጎርጎር ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ገደማ ታስረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበትን ሰው «አሠቃዩዎት?» አይባልም። ስለ መመለሱ ጠይቁ፤ ማን ተቀበላቸው፣ ልጆቹ አወቋቸው ወይ። ሌላውን ራሳቸው ከፈለጉ ያመጡታል።

ፖለቲካውንም አታስቀድሙት። የግንቦት 1981 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የአየር ኃይሉን አዛዥ ጨምሮ ብዙ መኮንን በልቷል፤ 1983 ደግሞ የተረፈውን በተነው። ቁስሉ ገና አልደረቀም። ይነሳ፣ ግን በሁለተኛው ቀን።

እትዬንም አትርሷቸው። ባል አሥመራ ወይም ድሬዳዋ ሲመደብ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ፎቶ ላይ ደግሞ በስልክ አንስቶ መሄድ አይበቃም። ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ስም ከነማዕረጉ ጻፉ። ዓመት ሲነግሯችሁ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አረጋግጡ። ውጭ የተማሩት ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል።