ቢራቢሮ ስታነሱ ከክንፉ ሥር ያለውን አትርሱ

ሐረና ጫካ ወይም ሌላ ደን ገብታችሁ ቢራቢሮ ፎቶ የምታነሱ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲያምር ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ። ካራክሰስ በሚባለው ወገን (ጂነስ) ውስጥ ያሉት የቢራቢሮ ዝርያዎች፣ በተለይ ጥቋቁሮቹ፣ ከላይ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ከክንፉ ሥር ያለው መስመርና ነጠብጣብ ነው። አበባ ላይ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቋቸው፤ እነሱ የሚወዱት የበሰበሰ ፍሬ፣ ይቅርታና፣ እበትም ነው። የላሸቀ ሙዝ ወስዳችሁ የዛፍ ግንድ ላይ ለጥፉላቸው፤ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ክንፋቸውን አጥፈው ስለሚመገቡ የታችኛው ገጽ ወለል ብሎ ይታያል።

በዚያው አንቴናውንም አቅርባችሁ አንሱ። ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ካበጠ አብዛኛውን ጊዜ ቢራቢሮ ነው፤ ላባ ወይም ቀጭን ክር ከመሰለ ግን የእሳት እራት ሳይሆን አይቀርም። ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ጻፉ። አንዳንዶቹ የካራክሰስ ዝርያዎች የወንዱ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይለዩም፤ የዝርያውን ስም ትታችሁ «ካራክሰስ» ብላችሁ ብታቆሙ ነውር የለውም።