የብር አምባርን ይዘት በውሃና በሚዛን እንዴት መለካት ይቻላል

ሐረር ጀጎል ውስጥ የተገዛ የብር አምባር የተጠማዘዘና የተቀረጸ ነውና ይዘቱን፣ ማለትም የሚይዘውን ቦታ መጠን፣ በማስመሪያ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ሰው ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ ውሃው ስንት ከፍ እንዳለ ያያል። ለድንጋይ ይሆናል፤ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ለሆነ ልዩነት ግን ዓይን አይታመንም። ሚዛን ይሻላል።

0.1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን፣ ብርጭቆና ቀጭን የናይሎን ክር ይበቃል። ሚዛኑን ድሬዳዋ ከታይዋን ገበያም ግዙት ከቀፊራ፣ መጀመሪያ ስንት ግራም እንደሚችል እዩ። 200 ግራም ብቻ የሚችለው ብርጭቆና ውሃ ሲጫንበት አይሠራም።

አምባሩን በደረቁ መዝናችሁ ጻፉ። ብርጭቆውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት።

ቀጥሎ ያለው ነው ፈተናው። አምባሩን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ አውርዱት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 6.1 ግራም ካለ ይዘቱ 6.1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። አርኪሜደስ እንዳለው ውሃው አምባሩን በተፈናቀለው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አምባሩም ውሃውን በዚያው ልክ ወደ ታች ይጫነዋል። ሚዛኑ የሚያነበው ይህን ጫና ብቻ ነው፣ የቀረውን ክብደት ክሩ ተሸክሞታል። ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ አምባሩ ታች ነክቷል ማለት ነው።

ክሩን በእጅ አትያዙ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከሚዛኑ ግራና ቀኝ መጻሕፍት ደርድሩና በላያቸው ባጋደማችሁት እርሳስ ላይ እሰሩት። ቬንትሌተሩንም አጥፉ፤ የድሬን ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲህ ማለት ግፍ ነው፣ ግን ነፋሱ ቁጥሩን ያወዛውዘዋል። የውሃው ለብ ማለት አያስጨንቃችሁ፤ በ30 ዲግሪ እንኳ ልዩነቱ ከ0.5 በመቶ በታች ነው።

የአየር አረፋ ግን ይዘቱን አብዝቶ ያሳያል። በተለይ በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ጌጥ ከሆነ፣ ዜሮ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ ጣል አድርጉ፤ ጌጡንም ውሃ ውስጥ ነቅነቅ አድርጉት።

አምባሩ በደረቁ 62.4 ግራም ከሆነ ለ6.1 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ ይህ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ክብደት በግራም ነው። ንጹሕ ብር 10.5፣ መዳብ 9፣ ናስ 8.5 ገደማ ነው። ከቀለጠ ጠገራ ብር የተሠራ የድሮ ጌጥ ከ10 ትንሽ ቢበልጥ አይግረማችሁ፤ ጠገራው ራሱ ከመቶ 83 ያህሉ ነው ብር። 8.5 ከመጣ ግን ሻጩን ጠይቁት።

ውስጡ ባዶ ለሆነ ዶቃ ወይም ድንጋይ ለተገጠመበት ጌጥ ይህ ሒሳብ አይሆንም። ለቀለበት ደግሞ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ፈልጉ።