ሞተሯ ቤንዚን ታንጠባጥባለች? መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲገደብ፣ የእኔዋ አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ፒያሳ በነበርንበት ግቢ ሸራ ለብሳ ቆመች። ቆሞ የከረመ ሞተር ምን እንደሚሆን ያኔ አላውቅም ነበር። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። ጎማው ይኮማተራል። ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በመጋጠሚያ መሀል ገብቶ እንዳያፈስ የሚዘጋው ስስ ንጣፍ፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከወራት በኋላ ክፍለ ሀገር ላለ ሰው ልሸጣት ብዬ ቤንዚን ስሞላባት፣ ከሥሯ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ጥገናው ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከሦስቱ ሁለቱ ያለቁት ራሴ ያበላሸሁትን በማስተካከል ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች የሚበዙትን በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ሌላው ሲሠራ አይቻለሁ።

ጠብታው ከወደቀበት ቦታ መጀመር

እርጥብ ሆኖ ያየሁት ካርቡራተሩን ነበርና እሱን ፈታሁት። ምስኪኑ ምንም አላደረገም። ቤንዚን ቁልቁል ነው የሚሄደው። ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ታንከሩ) ሥር ካለው የቤንዚን መክፈቻ ይጀምርና በቱቦው ላይ ይወርዳል፤ የካርቡራተሩን ጎን ታክኮ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። እናንተ የምታዩት መጨረሻውን ነው።

መጀመሪያ መክፈቻውን ዝጉ። ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ። የጠመኔ ዱቄት ካላችሁ በየመጋጠሚያው ነስነስ አድርጉ። ከዚያ ክፈቱና በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች እየተከተላችሁ እዩ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ የሳልባትዮው ክዳን፣ የብየዳ መስመሩ፣ መክፈቻው ከሳልባትዮው ጋር የሚገናኝበት፣ የመክፈቻው እጀታ ዙሪያ፣ የቱቦው ሁለት ጫፍ፣ በመጨረሻም ካርቡራተሩ። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ላይ ነው ሥራችሁ። አፍስሶ የደረቀ ቤንዚን ቡናማ እድፍ ስለሚተው እሱም ይጠቁማችኋል።

ካርቡራተሩ ጋ ስትደርሱ አንድ ነገር ለዩ። ብዙዎቹ ካርቡራተሮች ከሥራቸው የምትወጣ ቀጭን የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ አላቸው። ቤንዚኑ በእሷ በኩል ከመጣ ጓርኒሲዮኑን አትክሰሱት። የግቢያችሁን ሮቶ አስቡት። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ተንሳፋ ትዘጋለች፤ ኳሷ ከተጣበቀች ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። ካርቡራተር ውስጥም እንደዚያው ተንሳፋፊ አለች፤ የምትገፋት ትንሽ መርፌም አለች። መርፌዋ ላይ ቆሻሻ ከተቀመጠ ወይም ጫፏ ከተበላ ቤንዚኑ አይቆምም። አንዳንዴ ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ተንሳፋፊዋን የያዘችውን ቀጭን ብረት ግን አትንኩ። እኔ ሳላውቅ አጎበጥኳት፤ ጤነኛ የነበረው ካርቡራተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ማፍሰስ ጀመረ። ሁለተኛው ቅዳሜ የሄደው በእሷ ነው።

ከሰሉን መርሳት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መሀል ከተማ ያለ ግቢ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ልብስ ያጥባል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ቡና ይፈላል። እኔ ሳልባትዮውን ፈትቼ ከግቢው ከፍ ካለው በኩል ተቀምጫለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዝቅ ካለው በኩል ከሰሉን እያራገቡ ነው። መሀላችን ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ንፋስ የለም። እኔ ደግሞ ንፋስ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል።

«አንተ ልጅ፣ ቤንዚን ነው የሚሸተኝ?» አሉኝ።

«ትንሽ ነው እትዬ፣ አሁን እጨርሳለሁ።»

መልስ አልሰጡኝም። ምድጃውን አንስተው ወደ ውጪ በር ይዘውት ወጡ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም። እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ የሐምሌ ብርድ ዋስትና አይሆንም። እትዬ ይህን በቁጥር አያውቁትም፤ ሽታው መሬት ለመሬት እንደመጣባቸው ግን አውቀዋል።

ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጪ ይሁን፤ አየር በሚተላለፍበት፣ ከሰልና ዕጣን፣ ሲጋራና የምጣድ ሶኬት በሌለበት። የኮንዶሚኒየም ኮሪደርና የደረጃ ሥር አይሆንም። ጎረቤት ቡና ሊያፈላ ከሆነ ሰዓት ቀይሩ፤ ቡናው አይቀየርም። መብራት ከጠፋ ሻማ አትለኩሱ፤ ሥራውን ለነገ ተዉት። ሞተሩ ሲሄድ ቆይቶ ከሆነ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በእጅ እስኪነካ ጠብቁ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ አስቀድማችሁ ንቀሉ። አጠገባችሁ አንድ ባልዲ አሸዋ ወይም የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር። ውሃ አይሆንም፤ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

በአፍ መሳብና በሃይላንድ ማስቀመጥ

ሳልባትዮውን ለማራገፍ ቱቦ አስገብቶ በአፍ መሳብ የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን ከሾፌሮች ያየነው ነው። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ጥቂቱም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲመለስ ነው ሳንባ ውስጥ የሚገባው። በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ደግሞስ መሳብ ለምን አስፈለገ? አሮጌ ሞተር ላይ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ቱቦውን ከካርቡራተሩ በኩል ንቀሉ፣ ጫፉን ጀሪካን ውስጥ አስገቡ፣ መክፈቻውን ክፈቱ። አለቀ።

ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ቤንዚንን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፤ ልጆች አሉ።

ያገኙትን ጎማ መግጠም

የመጀመሪያው ቅዳሜ ታሪክ ይህ ነው። ካርቡራተሩን ያለጥፋቱ ስፈታ የድሮው ጓርኒሲዮን ተቀደደ። ሱቅ ተዘግቷል። ከድሮ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በመቀስ ቆርጬ አዲስ ሠራሁ። ልክክ አለ! ኮራሁ። በሳምንቱ ስከፍተው አብጦ ተጠማዟል፤ እንደ ረጠበ ቂጣ ሆኗል። የከመነዳሪ ጎማ ለአየር እንጂ ለቤንዚን አልተሠራም።

የሲሊኮን ማጣበቂያም ያው ነው። ቤንዚን ሲነካው ይለሰልስና ቅርፍት ቅርፍት እያለ ወደ ካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይገባል። ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቴፍሎንም ብጥስጣሹ መንገድ ይዘጋል። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙባት በውስጧ የምታሳይ የላስቲክ ቱቦ ደግሞ በጣም ታታልላለች። ርካሽ ናት፣ ቤንዚኑ ሲወርድ ይታያል፣ ታምራለች። ጥቂት ወራት ቆይታ ቢጫ ትሆናለች፣ እንደ እንጨት ትደርቃለች፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከጫፏ ትወልቃለች።

የሚሻለው ለቤንዚን የተሠራ ጎማ መግዛት ነው። አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ ውጡ። «የሆንዳ ቱቦ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ናሙናውን አሳዩ። ብዙውን ጊዜ የውስጥ ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። የቱቦውን ጫፎች አጥብቆ የሚይዝ ሁለት አዲስ ፋሼታም ግዙ። የእኔ መክፈቻ በመጨረሻ የዳነው ውስጡ ባለች አራት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ጎማ ነው። ሦስት ቅዳሜ የፈጀሁባት እሷ ነበረች።

የልብስ ሳሙና ስንጥቅ ላይ ማሸት ግን ያለ ምክንያት የተለመደ አይደለም፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም። ቤታችሁ እስክትደርሱ ሊያቆይላችሁ ይችላል። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ግን አትመኑት።

ካፈሰሰ አጥብቀው ማለት

የካርቡራተር አካል ለስላሳ ብረት ነው። ቡሎኑን በኃይል ካጠበቃችሁት ጥርሱ ይላጣል ወይም የሥሩ ሳህን ይጎብጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ጓርኒሲዮን አይዘጋውም። በማዕዘን ተቃራኒ የሆኑትን እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የካቻቢቴው ጫፍ በትክክል የሚገጥም ይሁን። የድሮ የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ቡሎን ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ በጥድፊያ ስታዞሩት ራሱ ይበላል።

ሳልባትዮውን ባዶ ነው ብሎ ማስበየድ

ዝገት የበላው ሳልባትዮ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል በኩል ያፈሳል። ሰፈር ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ አሮጌ መካኒክ «ከሞላው ይልቅ ባዶውን እፈራለሁ» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። የቤንዚን ትነት የሚፈነዳው በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል ሲሆን ነው። የተራገፈ ሳልባትዮ ውስጥ አየርና ትነት ተቀላቅለው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከቀናት በኋላም በዝገቱ ውስጥ የተደበቀው መትነኑን አያቆምም። ስለዚህ ብየዳ ቤት ውስጥ አይሞከር። ሳልባትዮ አጥቦ፣ አየር አስወጥቶ መበየድ የለመደ ባለሙያ ፈልጉ። በያጁ «አምጣው፣ አሁን ነጥብ አደርግልሃለሁ» ካላችሁ፣ ይዛችሁት ተመለሱ።

የሌለ ብልሽት መፈለግ

አፍ እስከ አፍ አስሞልታችሁ ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት፣ ከክዳኑ ቢያፈስ አይግረማችሁ። 10 ሊትር ቤንዚን 20 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.2 ሊትር ገደማ ያድጋል። አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። አጉድላችሁ ሙሉ፤ ሌላ ጥገና የለውም።

ዘይቱን ሳያዩ ማስነሳት

ተንሳፋፊዋ ሳትዘጋ ካደረች፣ ቤንዚኑ ሁሉ ወደ ውጪ አይፈስም። ከፊሉ በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ ሳትቀይሩ አታስነሱ። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል።

ገጥማችሁ ስትጨርሱም ወዲያው አትርገጡ። መክፈቻውን ክፈቱ፣ ከሥር ንጹሕ ወረቀት አንጥፉ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ወረቀቱ ከደረቀ ባትሪውን መልሱና አስነሱ። ማታ ስታቆሙ ደግሞ መክፈቻውን ዝጉት። የእኔዋን የገዛው ሰው ይህን ስነግረው ሳቀ፤ በወሩ ደውሎ «መክፈቻው ስንት ዲግሪ ነው የሚዞረው?» ብሎ ጠየቀኝ።